የመሪጌታ ሣህሉ ቢያዝን የሕይወት ታሪክ፤ ከአልጋ ስላልተነሡባቸው አራት ወራት ከእናታቸው እውነተኛ ቃል ጋር

መሪጌታ ሣህሉ ቢያዝን ከአባታቸው ከቄስ ቢያዝን ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል አየነው በጥር ወር 1939 ዓ.ም. በእንፍራንዝ ተወለዱ። ይህን የምጽፍ እኔ እናታቸው ነኝ። ልጄ ቢሆኑም ማዕረጋቸውን አክብሬ አንቱ ብያቸዋለሁ።

ንባብና ዳዊት ከአባታቸው ተማሩ። ከዚያም ጎንደር ሄደው ድጓና አቋቋም ተምረው በ1962 ዓ.ም. ባሕር ዳር በሐይቁ ዳር ባለው ደብራችን ማገልገል ጀመሩ። በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ እናትዓለም ደሞዝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ማኅሌት ሲመሩ ያየ ያውቃል፤ መቋሚያቸው ሲነሣ የቆመው ሁሉ አብሮ ይነሣ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ግራ ጆሯቸው ይጮህ ጀመር። ቆይቶ በግራ የቆሙትን መዘምራን መስማት ተሳናቸው፤ ኋላም ሲራመዱ ወደ አንድ ወገን ይወስዳቸው ነበር። በሰፈሩም “ጾሙ ሳይፈታ ጠላው ቀደማቸው” ተባለ። እኔም አፍሬ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ከቤት እንዳይወጡ እለምናቸው ነበር።

አዲስ አበባ ሲመረመሩ በጆሮ ነርቭ ላይ የበቀለ እጢ ተገኘባቸው። በየካቲት 1974 ዓ.ም. በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው፤ የግራው ጆሮ ግን መስማቱም ሚዛን መጠበቁም ቀረ። ስንወጣ ሲስተር ፀሐይወርቅ የተባሉ ነርስ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ሰጥተውኝ “እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?” አሉኝ። “አዎን፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አለኝ” አልሁ። በቃል ሊያስረዱኝ ሲጀምሩም “ሁሉም እዚህ አለ” ብዬ አቋረጥኋቸው። እኔ የማነበው የመማሪያ መጽሐፉን የታተመ ፊደል ነበር፣ ያውም በጣቴ እየተከተልሁ። የእጅ ጽሑፉ እርስ በርሱ ተያይዞብኝ አንዱንም ቃል አልለየሁትም። በአግዳሚው ላይ ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት “አልቻልሁም” ማለት አፈርሁ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ልጄ ፊደሉ በዓይናቸው እየዘለለ ማንበብ አልቻሉም። ሚስታቸውም ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። “እማ፣ ምን ይላል?” አሉኝ። ወረቀቱን አየሁና “ይተኛ፣ አይንቀሳቀስ፣ ደኅና ይብላ ይላል” አልሁ። ለሕመምተኛ የሚሆነው እሱ መስሎኝ ነው። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ እየተንገዳገዱ ሰው እንዳያያቸውም ወድጄ ነበር። እንዲህ አድርጌ አራት ወር አስተኛኋቸው።

በሰኔ ለቀጠሮ ስንመለስ ሲስተር ፀሐይወርቅ “በቀን ስንት ጊዜ ተራመዱ? ፊደሉን እያዩ ራስዎን ወዲያና ወዲህ አዞሩ?” ብለው ጠየቁ። ልጄ ፊቴን አዩ፤ ወዲያው ገባቸው። “የሰነፍሁ እኔ ነኝ። እናቴስ በየቀኑ ትነግረኝ ነበር” አሉ። ነርሷም “ይኸን ያህል ተምረው! ማዞር ቢመጣም መንቀሳቀስ ነው መድኃኒቱ። የተኛ ሰው ሚዛኑን ከምን ይማር? የመጀመሪያዎቹን ወራት እኮ አባከኗቸው!” ብለው እንደ ሕፃን ገሠጿቸው። እኔም ወረቀቱን ማንበብ እንዳልቻልሁ አልተናገርሁም።

ከዚያ በኋላ ነርሷ እያሳዩ ያስተማሩንን ሠራን። “መ”ን በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ፤ እሱን እያዩ ራሳቸውን ቀስ ብለው፣ ኋላም ፈጠን እያደረጉ ያዞሩ ነበር። እናትዓለም ከኋላቸው ክንዷን ዘርግታ ስትጠብቃቸው፣ እሳቸው እግራቸውን ገጥመው ይቆማሉ። ማታ ማታ በሐይቁ ዳር አሸዋው ላይ አንዴ ወደ ታንኳዎቹ አንዴ ወደ ዛፎቹ እያዩ ይሄዳሉ። ያስመልሳቸው ነበር፤ ቢሆንም አልተዉም። ለመስቀል ያለ ሰው ድጋፍ ተራመዱ፣ ማንበባቸውም ተመለሰ። ዓይን በማያይበት ጨለማ ግን እግራቸው ይከዳቸው ነበርና የሌሊቱን ማኅሌት ዳግመኛ ቆመው አልመሩም። አቋቋምን ያህል ትምህርት ተቀምጠው ለአሥራ አራት ደቀ መዛሙርት አስተማሩ።

እሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ ለነርሷ ያሉትን ስለሚመልሱ፣ በደብሩም በሰፈሩም “ስንፍናቸው ነው ከማኅሌት ያወጣቸው” ሲባል እሰማ ነበር። ስድስት ዓመት ሰማሁ። ገና በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን እውነቱን ልናገር ተነሥቼ ነበር፤ “እማ፣ ተይው። የንባብ ትምህርትሽን ብቻ ቀጥይ” አሉኝ። በ1975 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ተመልሼ ከፊደል ጀመርሁ።

ባለፈው ዓመት እጢው በነበረበት ተመለሰ። በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 17 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ41 ዓመታቸው አረፉ። ሐኪሞቹ የመተኛታቸው ነገር ለሞታቸው ምክንያት አይደለም ብለውኛል። ማኅሌቱን የወሰድሁባቸው ግን እኔ ነኝ። እንግዲህ ሰነፍ ያላችኋቸው ሁሉ ቃላችሁን ወደ እኔ መልሱት። ልጆቻቸው ፅጌ ማርያም፣ አደይና አካሉም አባታቸው ሰነፍ እንዳልነበሩ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ይስሙ።

ከልጆቻቸው ጋር ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትዓለምና እኔ እናታቸው ቀርተናል። እግዚአብሔር የመሪጌታ ሣህሉን ነፍስ ጨለማ በሌለበት፣ ምስጋናው በማይቋረጥበት ስፍራ ከመዘምራኑ መካከል ያቁምልን። እኔንም ፊታቸውን ዳግመኛ ከማየቴ በፊት ይቅር ይበለኝ። አሜን።