የጫልቱ ክንድ

ሰበታ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ዛሬ ለሰባት ዓመቷ ጫልቱ ለሕመሟ ማስታገሻ ሞርፊን አዘዝኩ። እግሯ በፈላ ውሃ ከተቃጠለ ሳምንቱ ነው፤ ቁስሏ ሲታጠብ ግን አንድም ቀን ጮኻ አታውቅም። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ይኮሩባታል። "የኔ ልጅ ጀግና ናት፣ ትችለዋለች" አሉኝ። ነርሷ ደግሞ "ዶክተር፣ ለልጅ ሞርፊን? ሱስ ቢሆንባትስ?" አለችኝ።

ለሁለቱም መልስ ከመስጠቴ በፊት የጫልቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰብኩት። ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት ሞልቷል። ለካ ጩኸቷን የምታፍነው ክንዷን ነክሳ ነው። ኦቦ ቶሎሳ አንገታቸውን ደፉ።

"በኪሎዋ ልክ ነው የምሰጣት። አተነፋፈሷን አጠገቧ ሆኜ እከታተላለሁ፤ ቁስሉ ሲሻላት ቀስ በቀስ እናቆማለን" አልኳቸው።

"ቶሌ፣ እሺ፣ ስጫት ልጄ" አሉ።

ፋሻው ሲፈታ ጫልቱ ስለ ጥጃዋ ታወራልን ነበር። አንዴ ብቻ "አመመኝ" አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የሱሱን ስጋት እኔም አልረሳሁትም። ግን ነገም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የማዘው።

ከክፍሉ ስወጣ ኦቦ ቶሎሳ እጅጌዋን ራሳቸው ሰብስበው ክንዷን ያገላብጡ ነበር። አዲስ ምልክት የለም። ለሐሙስ እጥበትም ሞርፊኑን አዝዣለሁ።