የግራዝማች በቅሎና የልጄ ፀጉር

ለክቡር ግራዝማች አድማሱ፣ የከተማችን የንግድ ፈቃድ ሹም፤
አርብ ገበያ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ያች የተከበረች በቅሎዎ ደኅና እንድትሆኑ እመኛለሁ። እኔ ጨርቅ ነጋዴው ጁነይዲ፣ ከልጄ ከአሚና ራስ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

አንደኛ፤ ለእህትዎ ለወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የፀጉር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ ስላሳዩት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ፀጉር የሚጠቀልለውን ፐርምና የሚያጠቁረውን ቀለም በበቅሎዎ ጭራ ላይ አስሞክረው፣ ጭራው ተጠቅልሎና ጠቁሮ ቢያምርልዎ ውሎ ሳያድር ማኅተም መቱ። ለካስ ሴት ልጅና በቅሎ አንድ ኖረዋል!

ሁለተኛ፤ ከመድኃኒቶቹ ጠርሙስ ጋር የመጣውን ወረቀት መምህር ቀለመወርቅ አንብቦ፣ ፐርም የተሠራ ፀጉር ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቀለም እንደማይነካው፣ አስቀድሞም ከጆሮ ጀርባ ጥቂት እንደሚሞከር ቢያስረዳዎ፣ ከሲማዳ በእግሯ የምትመጣ ሙሽራ ለአንድ ፀጉር ሁለት ጊዜ መንገድ አትመታም፣ ሁሉም በአንድ ዓርብ ይለቅ ብለው ፈረዱ። ልጄ ለሰርጓ ብላ እህትዎ ዘንድ ሄዳ፣ ጠዋት ተጠቀለለች፣ ከሰዓት ተቀባች፤ ሳይመሽ ፀጉሯ ከነሻሹ ተነሥቶ መጣ።

ሦስተኛ፤ ኧረ ቁጥሩ ይቅር፣ ንዴቴ ቁጥር አይገባውም! የወገዳ አማቶቿ የላኳቸው ሴቶች ራሷን ገልጠው አይተው፣ ቆረቆር አለባት ብለው ሰርጉን አስቆሙ። ልጄ ከጓዳ አልወጣም ብላለች። ፀጉሯን የፈጀው መድኃኒት እንጂ በሽታ አይደለም የሚል፣ ማኅተምዎ ያረፈበት አንድ መስመር እንዲጽፉልኝ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠናሁ። እህቴን አላዋርድም አሉኝ። የእኔ ልጅ ግን ትዋረድ! ጎረቤቶቼ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው መክረውኝ ነበር፤ ዝም ብል ግን የልጄ ትዳር ይበላል። የሙሽራው ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉ፤ ያች መስመር ካልደረሰች አሚና ቆረቆራም እንደተባለች ትቀራለች።

ለጥፋት የፈጠነው ማኅተምዎ ለእውነትም እንዲፈጥን እየለመንሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የፈቃድዎ ፍሬ በራሷ ላይ የሚታይባት ልጅ አባት፣
ጁነይዲ ዓሊ
መጋቢት 3 ቀን 1961 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ባለፉት ሁለት ገበያዎች በእግርዎ ሲመጡ ሕዝቡ ትሕትናዎን አድንቋል። እኔ ግን በጋጣዎ በኩል ሳልፍ፣ በቅሎዋ ጭራዋ ረግፎ ጅራቷ በነጠላ ተጠቅልሎ አየኋት። እሷን ቆረቆራም ያላት የለም። መስመሩን መጻፍ ከከበደዎ፣ ለእሑድ በቅሎዋን ያውሱኝ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት እሷ ትመስክር።