በግድግዳችን ላይ ስለተሰቀለው ሰሌዳና ስለተዘጋው መድረካችን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ጃይልስ ፔንበርተን፣
በሃልደርሾ ከተማ ምክር ቤት የባህል፣ የቱሪዝምና የድምፅ ብክለት መቆጣጠሪያ መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቤተሰብዎስ? በተለይም ለከተማው ሁሉ ሲያዳምጥ የሚውለው ጆሮዎ እንደምን አለ? በሸማኔዎች መንገድ የምንገኘው የሠራተኞች ክበብ አባላት ዝናቡና ጉልበታችን እንደፈቀዱልን አለን። በእኛ አገር ሰው ደኅንነቱን ሲጠየቅ «ማማረር አይገባም» ብሎ መመለስ ከወላጆቻችን የወረስነው ልማድ ስለሆነ እኔም በዚሁ እጀምራለሁ፤ ማማረር አይገባም።

ስሜ ሞሪን ኦልድሮይድ ይባላል። የክበቡ የመድረክ ጸሐፊ ነኝ። ይህ ማለት እሑድ እሑድ ማን እንደሚዘፍን የምወስን፣ ወሬ የሚያበዛውን ጠረጴዛ ጸጥ የማሰኝ፣ ያልተዋጣለትንም ዘፋኝ ደህና እንደነበር ነግሬ የምሸኝ ማለት ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ ሥራ ስለቀነሱልኝ ውለታዎ አለብኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ለምስጋና ነው። በቅርቡ መምሪያዎ «ሁለተኛው ፈረቃ የተባለው የሮክ ባንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተውና የሸማኔዎች መንገድ የተሰኘው አልበም የተጸነሰው በዚህ ቤት ነው» የሚል የነሐስ ሰሌዳ በግድግዳችን ላይ ሰቅሎልናል። በዚያው ዕለት ይኸው መምሪያዎ በዚህ ቤት ሙዚቃ መጫወት የተከለከለ መሆኑን የሚያስታውቅ ወረቀት በበራችን ላይ ለጥፎልናል። ሁለቱንም የፈጸመው አንድ ትሑት ሠራተኛ ሲሆን መሰላሉን የተዋሰው ከእኛው ጓዳ ነው። የትኛውን ላስቀድም ብሎ ቢያማክረኝ ሰሌዳው ከባድ ነውና ሳይደክመው እሱን እንዲሰቅል ነግሬው ሻይ አፈላሁለት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኛ ደግሞ መጥረቢያውንም አብረን እናውሳለን።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ ተነግሮኛልና።

አንደኛ። ከተማችንን ከአልበሙ ጋር እንድናውቃት የሚጋብዘው ያማረ መጽሔትዎ በየቤታችን ደርሶናል። በዝናብ ውስጥ ቆሞ አውቶቡስ መጠበቅ የአገራችን የሰሜኑ ክፍል ሕይወት ልዩ ውበት መሆኑን የተረዳነው ከዚያ ነው፤ እስካሁን አውቶቡሱ የዘገየ ብቻ ይመስለን ነበር። የአልበሙ ዘፈኖች አጫጭር የሆኑትም የሰሜን ሰው በባሕርዩ ቁጥብ ስለሆነ ነው ይላል መጽሔቱ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይህ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ዘፈኖቹ ያጠሩት በቢንጎ፣ ቁጥር እየተጠራ በምንጫወተው የዕጣ ጨዋታ፣ ምክንያት ነው። በክበባችን የፈለገው ዘፋኝ ይምጣ፣ ቢንጎ ሲደርስ ያቆማል፤ ከቢንጎው በኋላ ደግሞ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የሥጋ ፓይና የተፈጨ አተር ይመጣል፤ ፓይ የሚበላ ሰው ፊት የሚዘፍን ለራሱ ነው የሚዘፍነው። ዴክላን ብራዝዌይትና ጓደኞቹ ገና ከትምህርት ቤት ወጥተው፣ ሁለተኛው ፈረቃ ብለው ሲመጡ፣ መግቢያውም መሃሉም መውጫውም የማያልቅ ዘፈን ይዘው ነበር። መሃሉ ላይ ሳሉ የቢንጎ ቁጥር ጠሪያችን ኖርማን ማይክሮፎኑን ይዞ ተነሣና ቁጥሩን መጥራት ጀመረ። ዴክላን ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ መጣ።

«አክስቴ፣ እኛ እኮ ገና መሃሉ ላይ ነን።»

«መሃሉን ቤትህ ጨርሰው የኔ ልጅ፤ ፓዩ እየቀዘቀዘ ነው» አልኩት።

አኩርፎ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ግን በቢንጎና በፓይ መካከል ልክ የሚገቡ ዘፈኖች ይዞ ተመለሰ። ስለ እነዚያ አጫጭር ዘፈኖች ድፍረት ነው እንግዲህ የለንደን ጋዜጦች የጻፉት። ከዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ እኔም አለሁ፤ የፀጉሬ ቅላት ከቀለም ካርቶን የወጣ ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ ካርቶኑም ለማንም ይሸጣል። ልጁ ያየውን ነው የዘፈነው፤ በርጥብ ካፖርት የሚሸተውን አዳራሻችንን፣ የቆመውን ፋብሪካ፣ እሑድን የሚጠብቁትን ሰዎች። አልበሙን ስሰማ አልቅሻለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ሁለተኛ። ከክበባችን ፊት ለፊት ያለው የቆመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በምክር ቤቱ ፈቃድ ወደ መኖሪያ አፓርታማ ስለተለወጠልን እናመሰግናለን። እኔም እናቴም የሠራንበት ፎቅ አሁን ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ በእኛ ጊዜ ሸማኔ ወደ ውጭ ካየ ክሩ ይበጠስበታል ተብሎ መስኮቱ ከራስ በላይ ነበር። ቤቶቹ የተሸጡት በአልበሙ ስም መሆኑንም አንረሳም፤ አልበሙ ውስጥ ይኑሩ የሚል ማስታወቂያ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተለጥፎ ነበር። ሰዎቹም መጥተው አልበሙ ውስጥ ገቡ። ከዚያም አንድ ስሙን ያልገለጸ ነዋሪ አልበሙ ድምፅ እንዳለው ለመምሪያዎ አመለከተ።

ወረቀትዎ እንደሚያስረዳው፣ ስለ ሙዚቃ ድምፅ አቤቱታ ከቀረበ ምርመራው እስኪዘጋ ድረስ ሙዚቃው ይቆማል። ምርመራው የሚዘጋው አቤት ባዩ ሲስማማ ነው። የአቤት ባዩን ማንነት ግን መምሪያው ለማንም አይገልጽም። ሦስቱንም አንቀጾች ለየብቻ ሳነባቸው እጅግ የበሰሉ ናቸው።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ትንሽ መቀመጥ ያስፈልገኛል፤ ደክሞኛልና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በባዶው አዳራሽ ወንበር ስደራርብ ዴክላን ሕፃን ልጁን አይቪን ታቅፎ ገባ። አሁን የሚኖረው በዚያው ፋብሪካ፣ ከመድረካችን መስኮት ትይዩ ነው። ስለ ዝናቡ አነሣ፣ ደግሞም አነሣ፤ እኛ ጋ ሰው ስለ ዝናብ ሁለት ጊዜ ካነሣ የመጣበት ሌላ ነገር አለው።

«አክስቴ ሞሪን፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለኝ። «አይቪ እሑድ ማታ አትተኛም። መስኮት ዝጉ የሚሏችሁ መስሎኝ ነበር።»

«መጥተህ ብትነግረን ምን ነበረበት?»

«አፈርኩ። የናንተን ጫጫታ ዘፍኜ እኮ ነው ያንን ቤት የገዛሁት። እንዴት ብዬ ጫጫታችሁ በዛ ልበላችሁ?»

ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው ከእኛው መንገድ ብቻ እንደሚወጣ አውቃለሁ። እኛ ፊት ለፊት ከምናማርር ብንሞት ይሻለናል፤ ሾርባው ቢቀዘቅዝ ጥሩ ነው እንላለን፣ ጫማችንን የረገጠንን ሰው ይቅርታ እንጠይቃለን። ያሳደግነው ልጅም እንደኛው ሆነና በራችንን ከማንኳኳት ይልቅ ስም የማይጠይቀውን ድረ ገጽዎን መረጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መስኮት ሊያዘጋ ሄዶ መድረኩን አዘጋ። ሕፃኗን ተቀበልኩት፤ እሱ ወንበሮቹን ጨረሰልኝ።

የመድረካችን መስኮት በዝናብ አብጦ አልዘጋ ያለ ነበር። ኖርማን በዚያው ዕለት በመላጊያ ልጎ ዘጋው። በሚቀጥለው ቀን ዴክላን ቤቱ ሆኖ፣ ኖርማን በማይክሮፎን እየጮኸ ሞከሩት፤ አይቪ አልነቃችም። ስለዚህ ጉዳዩ ያለ መምሪያዎ ድካም ማለቁን ለማስታወቅ ስንሮጥ፣ ጉዳይ የሚያልቀው ችግሩ ስለተፈታ እንዳልሆነ አስተማሩን። ዴክላን አቤቱታውን ልመልስ ብሎ ለመምሪያዎ ጻፈ፤ የአቤት ባዩን ማንነት ለሦስተኛ ወገን መግለጽ አንችልም የሚል መልስ መጣለት። ሦስተኛው ወገን እኔ አይደለሁም፣ ራሱ አቤት ባዩ ነኝ ብሎ ደግሞ ጻፈ። መምሪያዎ ስለ ትብብሩ አመስግኖት፣ አቤት ባዩ እሱ ይሁን አይሁን ማረጋገጥም ማስተባበልም እንደማይችል ገለጸለት። አነጋገሩ ጨዋ ስለነበር ዴክላን መልሱን ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ ነው የተቆጣው።

በመጨረሻም ጉዳያችንን ለመስማት በምክር ቤቱ አዳራሽ በተደረገው ችሎት እርስዎ በመሃል ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ኮትዎ ያምር ነበር። ዴክላን ልጁን ይዞ ተነሣና «አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ተውልኝ» አለ። እርስዎም በታላቅ ትዕግሥት፣ ራስን እንደ አቤት ባይ አድርጎ ማቅረብ በደንቡ የሚያስጠይቅ መሆኑን አስታወሱትና እንዲቀመጥ ጋበዙት። ከችሎቱ በኋላ ግን በመተላለፊያው አግኝተውት፣ ለሴት ልጅዎ ብለው አልበሙን አስፈረሙት። ፊርማው የራሱ የዴክላን ብራዝዌይት መሆኑን ያኔ ምንም አልተጠራጠሩም።

አራተኛውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ሰው ነውና።

በችሎቱ ላይ ሁለተኛ ሆኖ የተናገረው ስታንሊ ፒከርስጊል ነበር። ምናልባት ያስታውሱታል፤ ክራቫት ያሰረው፣ በእጁ ኮፍያውን ሲያዞር የነበረው ሽማግሌ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ሚስቱ ኤድና ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። በሳምንት ውስጥ የሚወጣው እሑድ ብቻ ነው። በሕይወቱ በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ተነሣ።

«እኔ ጸጥታ ቤቴ ሞልቶልኛል፣ ጌታዬ» አለዎ። «እሑድ የምመጣው ከሱ ለማምለጥ ነው።»

እርስዎ ስለ ጠቃሚ አስተያየቱ አመሰገኑት። የችሎቱ ጸሐፊም ጻፈችው። ክልከላውን የሚያጸናው ውሳኔ ግን ከመግባታችን በፊት ተተይቦ እንደነበር ያየሁት በእጅዎ የነበረው ወረቀት ጀርባው በእኔ በኩል ስለነበር ነው፤ ይቅርታ፣ ሳላስበው አነበብኩት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ቢንጎ አለ፣ ፓይም አለ፤ ሰው ግን ለዚያ ብቻ ከቤቱ አይወጣም። ጠረጴዛዎቹ ተራ በተራ ባዶ ሆኑ። ኮሚቴያችን እንዲህ ከቀጠለ ብርዱ ሳይገባ በራችንን እንደምንዘጋ ተነጋግሯል፤ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ደንቡን አክብረናል። ስታንሊ አሁንም ክራቫቱን አስሮ ይመጣል። ባዶውን መድረክ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ግማሽ ቢራውን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ሳይመሽ ይሄዳል። ደህና ነህ ወይ ብዬ ስጠይቀው ማማረር አይገባም ይለኛል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳይ ያመኛል። ከሁሉ በላይ የምፈራው፣ አንድ እሑድ የቀረ እንደሆነ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ክበቡ ተከፍቶ ባይገኝስ ብዬ ነው።

ሰሌዳው ግን ያምራል። ቱሪስቶች ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ ከዚያም በሩን ገፍተው ገብተው ሙዚቃው ስንት ሰዓት ይጀምራል ብለው ይጠይቁኛል። ወረቀትዎን አሳያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ እሱንም ፎቶ ያነሡታል።

እንግዲህ ብዙ አደከምኩዎ። ለጆሮዎ ዕረፍትን፣ ለሰሌዳዎ የማይዝግ ነሐስን፣ ለደንብዎ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ የሚዘጋ መስኮት ካላቸው ነገር ግን የሚዘጉበት ድምፅ ካጡ ጎረቤቶችዎ ጋር ሆኜ፣ ከወገቤ በላይ የሚቻለኝን ያህል እጅ እነሣለሁ፤ ከወገቤ በታች ያለው በፋብሪካው ቀርቷል።

ሞሪን ኦልድሮይድ
የሸማኔዎች መንገድ የሠራተኞች ክበብ ሥራ የፈታች የመድረክ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለስታንሊ ፒከርስጊል፣ እሑድ እንዲያነበው

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ በመጪው ነሐሴ በምክር ቤቱ አደባባይ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር፣ ለአልበሙ ክብር ታላቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ማሰናዳትዎን፣ ከለንደንም እንግዶች መጋበዝዎን በደስታ ሰምተናል። ትናንት ስሟን ያልገለጸች አንዲት የከተማው ነዋሪ ስለዚሁ ፌስቲቫል ድምፅ በድረ ገጽዎ አቤቱታ አስገብታለች። በደንብዎ መሠረት፣ ምርመራው እስኪዘጋ ሙዚቃው ይቆማል ማለት ነው። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መድረካችንን ቢከፍቱልን አቤቱታዬን ዛሬውኑ በደስታ እተወው ነበር፤ ነገር ግን የጻፍኩት እኔ መሆኔን እንዴት አድርጌ ላሳምንዎ?