በማሞቂያው ሆድ ውስጥ ያለችው ፊውዝ

ብዕሩን የያዘችው የወንድምሽ ሚስት ናት፤ ቃሉ የእኔ የአባትሽ ነው። ልጄ፣ ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ይህ ወረቀት እጅሽ እንደገባ ተነሺና የላክሁልሽን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሶኬቱ ንቀዪው። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ንቀዪው። ከዚያ ተመልሰሽ ተቀመጪና የቀረውን አንብቢ።

እንግዲህ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ጠና ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? አራስ ቤት ያለች ሕፃን እንቅልፍ እንደማትሰጥ ካንቺ አውቀዋለሁ። የልጅ ልጄ እንዴት ናት፣ ክብደቷስ ጨመረ? አናጢው ባልሽ ደህና ነው፣ ጣቶቹስ እስካሁን ሙሉ ናቸው? እኛ ደህና ነን። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከማኩረፉ በቀር ምንም አልሆንኩም። ወንድምሽ ሥራ ላይ ነው፤ ለሰላምታ ጊዜ የሌለው ሰው ሆኗል።

ከትናንት ጀምሮ ስደውል አንዲት ሴት ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። ብቆጣትም ያንኑ ትደግማለች። ባልሽ ጋ ብደውልም እሷው ናት የምታነሣው። ስለዚህ የአውቶቡሱን ሾፌር ደጃፌ ላይ አቁሜዋለሁ። መንገደኛው እያጉረመረመ ነው፤ ያጉረምርም። ነገ ጠዋት እጅሽ ላይ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል።

ነገሩ ይኸውልሽ። አንቺ ሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ያደግሽ ስለሆነ ታውቂዋለሽ፤ ባልሽም እንዲሰማው ልድገመው። ማሞቂያው ውስጥ ሁለት ዘበኛ አለ። አንዱ ቴርሞስታቱ ነው፣ ሲሞቅ የሚያጠፋ ሲበርድ የሚያበራ፣ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ የሚል። ሁለተኛዋ የሙቀት ፊውዝ ናት፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ግራና ቀኝ እግር ያላት። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ቢቀር፣ ማራገቢያው ቢቆም ወይም ጨርቅ ቢወድቅበት፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን ቆርጣ ትሞታለች። ከሞተች አትነሣም፤ መለወጥ ብቻ ነው። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ ስለ ሙቀት ግድ የለውም፤ የሷን ሥራ ማንም አይሠራላትም። የምትመረጠው ደግሞ በልክ ነው። ዕቃው ደህና ሲሠራ ከሚሞቀው ከፍ ያለች፣ ላስቲኩ ከሚቀልጥበት ዝቅ ያለች መሆን አለባት።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስጠግን የማንም ቤት አልተቃጠለም። ፊውዞቼን በሁለት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነው የማስቀምጠው። የማሞቂያዎቹ ቆርቆሮ ክዳኑ ላይ በምስማር አንድ ጭረት፣ የካውያዎቹ ላይ ሁለት። በአውራ ጣቴ ዳብሼ አነሣለሁ። የወንድምሽ ሚስት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ናትና፣ አባባ የሙቀታቸውን ቁጥር ቆርቆሮው ላይ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር። አንቺ ሳትወለጂ እኔ ስጠግን ነበር፣ ቤቴ ውስጥ ጽሑፍ አትለጥፊብኝ አልኳት። ይህን ስነግራት ብዕሯን አቁማ አየችኝ። ጻፊው ብያታለሁ።

ያንቺን ማሞቂያ ከመሥራቴ በፊት መደርደሪያው ወድቆ ሁለቱም ቆርቆሮ ተበትኖ ነበር። ፊውዞቹ በየአካባቢያቸው ስለነበሩ ለቅሜ በየቆርቆሯቸው መለስኳቸው። ክዳኖቹን ግን አቀያይሬ ገጠምኳቸው። አላወቅኩም።

ያወቅኩት ትናንት ነው። ልብስ ተኳሹ ጎረቤቴ ካውያውን ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ሁለቴ ፊውዝ ለውጬለት ካውያው ሁለቴም ሞቀና ወዲያው ጠፋ። ሽማግሌው፣ እጅህን ጡረታ አውጣው እንጂ፣ የደንበኛ ሱሪ ተጨማዶ ቀረ አለኝ። ሱሪው ሳይሆን ፊትህ ነው የተጨማደደው አልኩት። የወንድምሽ ሚስት ምሳ ይዛልኝ ገብታ ቆማ ስታይ፣ ቆርቆሮዬን ነካክተሽ ይሆናል ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባት። የሞተችውን ፊውዝ ከጠረጴዛው አንሥታ ወደ ብርሃን ይዛ፣ አባባ፣ ይህቺ መቶ ሃያ ስምንት ነው የምትለው፤ ለካውያ ነው የምታደርጋት ወይ አለችኝ። ሌላውን ቆርቆሮ ከፈተች፤ ሁለት መቶ አርባ።

ካውያው የማሞቂያ ፊውዝ ከገባለት፣ ማሞቂያሽ የካውያ ፊውዝ ገብቶለታል ማለት ነው። የካውያው ፊውዝ በከንቱ ትሞታለች፤ የሚጎዳው ሱሪ ነው። ያንቺ ግን መሞት ሲገባት አትሞትም። ሁለት መቶ አርባ እስኪደርስ ስትጠብቅ ሽፋኑ ቀልጦ፣ አጠገቡ የተሰጣው የሕፃን ጨርቅ ይያያዛል። ቴርሞስታቱም አሮጌ ነው፤ አንድ ክረምት ይችላል ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ከትናንት ወዲህ እህል አልወረደልኝም።

በወረቀት ጠቅልዬ ትክክለኛዋን ፊውዝ ልኬልሻለሁ፤ አሥራ አምስት አምፔር ትሸከማለች፣ ማሞቂያሽ አሥርም አይሞላም። አንቺ ግጠሚያት፤ እጅሽ ያውቃል። ተነቅሎ ይቀዝቅዝ። አሮጌዋ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አታድርጊያት፤ እዚያ ያለውን ሙቀት ነው የምትጠብቀው። በመበየጃ አትንኪያት፤ በሙቀቱ እዚያው ትሞትብሻለች። አብረው ባሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ቱቦዎች ከሽቦው ጋር አጋጥመሽ በፒንሳ ጨምቂ። እግሯን ከሥሩ አትቆልምሚው። እሳት የማይበላውን ነጭ ልባስ መልሰሽ አልብሺያት። ባልሽ ለጊዜው ብሎ በባዶ ሽቦ እንዳያገናኘው፤ እንጨት ላይ ይወቅ።

ከመግጠምሽ በፊት ደግሞ ጀርባዋን አንብቢ። መቶ ሃያ ስምንት ማለት አለባት። የላከልኝ አባቴ ነው ብለሽ እንዳትገጥሚያት። እኔን አትመኚ፤ ቁጥሩን እመኚ። ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት ካውያ ከመዋጥ አይቀልም።

ቆርቆሮዎቼ አሁን ሆዳቸው ላይ በትልልቁ ተጽፎባቸዋል። የማሞቂያዎቹን ቁጥር መልክ ለይቻለሁ፤ መጀመሪያው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፣ ለእናቱም እንዲሁ፤ ጆሮዋ ከከበደ ጮኽ ብለሽ። ላይኛው ቤት ላለችው ነርስ ሕፃኗን ስለምታይልን አመስግኚልኝ። የልጅ ልጄን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ማሞቂያው እስኪሠራ በብርድ ልብስ ጠቅልዪያት። ስልክሽ እንደሠራ ነቅዬዋለሁ በዪኝ፣ ሌላ ወሬ አልፈልግም።

ከጥገና ቤቴ፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት።

በይ ልጄ፣ አንቺ ጸሐፊዋ፣ አሁን አንብቢልኝ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይንፋ፤ ሳልሰማው አይታሸግም። ሰው ፊት የጮኽኩብሽ ጋ ስትደርሺ አትዝለዪው። ቁጥሩ ጋ ስትደርሺ ሁለት ጊዜ።