ስለ ሁለቱ የድንኳን ብሎኖች

ለክቡር አቶ ይርጉ ተሰማ
የጋርላንድና አካባቢው ደራሽ እድር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ስል ለወጉ ያህል ነው፤ ዛሬ ግን የቤተሰብዎን አባላት አንድ በአንድ፣ በተለይም ታላቋን ልጅዎን ሔራንን እያሰብኩ ነው። በፊትዎ ቆሜ ብናገረው ደስ ባለኝ ነበር። ሆኖም ባለፈው ወር መጨረሻ እሑድ በተደረገው ጉባኤ ለሦስት ስብሰባ ያህል እንዳልናገር ስለታገድኩ፣ መተዳደሪያ ደንባችን ደግሞ የታገደ አባል እንዳይጽፍ የሚከለክል አንቀጽ ስለሌለው፣ ይህን ግልጽ ደብዳቤ በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕና በአዳራሹ በር ላይ ለጥፌያለሁ። ስለ እገዳው ከልብ አመሰግናለሁ። ዝም በል ስባል የማዳመጫ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ያዳመጥኩትንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እንደሚያውቁት የእድሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ድንኳናችን፣ መቶ ሃያ ወንበሮቻችንና አራቱ ትልልቅ ድስቶቻችን የሚቀመጡት በእርስዎ ጋራዥ ነው፤ ያለ ኪራይ ስላስቀመጡልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ባለፈው ወር መጀመሪያ ለቆጠራ ስገባ ወንበሩም ድስቱም ሙሉ ሆኖ፣ ከድንኳኑ ግን ጣሪያውን ከእግሩ ጋር የሚያያይዙ ሁለት ብሎኖች ጎድለው አገኘሁ። ብዙም አልፈለግኩም። ቀና ስል በወንበሮቹ አጠገብ በቆመው የሔራን ሞተር ሳይክል ላይ፣ አዲሱን የጭስ ማውጫ ከኋላ በኩል ተሸክመው አየኋቸው። እንዳይጠፉ ብዬ አናታቸውን አረንጓዴ ቀለም የቀባኋቸው እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ወንድሞቻቸው ናቸው እንዳይሉኝ።

ሁለተኛ፤ ያንን የጭስ ማውጫ በኢንተርኔት አዝዘው፣ ቪዲዮ እያዩ፣ በገዛ እጅዎ መግጠምዎን ስሰማ አድናቆቴ ወሰን አጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሞተር ሳይክል ስጠግን የኖርኩት እኔ ሁለት ቤት ርቀት ላይ እያለሁ አለማማከርዎ፣ ጊዜዬን ለመቆጠብ አስበው እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለት ጊዜ ለብቻዎ ብነግርዎም ሁለቱንም ጊዜ ቪዲዮው ላይ እንዲሁ ነው ብለውኛል። ቪዲዮው ላይ የድንኳን ብሎን መኖሩን እጠራጠራለሁ። የድንኳን ብሎን ሸራ እንዲይዝ የተሠራ ለስላሳ ብረት ነው፤ የሚያገለግለውም ቆሞ ለሚውል ነገር ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ሲታሰር ንዝረቱ ቀን በቀን ያላላዋል፣ ሙቀቱ ያደክመዋል። ቧንቧው ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ መግባት የነበረባት ቀለበትም ከድስቶቹ ጀርባ በተጣለው ካርቶን ውስጥ ቀርታለች፤ አንስቼ አስቀምጫታለሁ። እሷ ስለሌለች የፊቱ መገጣጠሚያ አይጠብቅም፤ ሸክሙ ሁሉ በሁለቱ ብሎኖቻችን ላይ ወድቋል። እነሱ የለቀቁ ቀን ቧንቧው መጀመሪያ የሚያርፈው አስፋልት ላይ አይደለም። የኋላ ጎማው ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ድምፁ ቅሬታ የለኝም። ጎረቤቶቻችን አላቸው፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩም ሁለት ደብዳቤ እንደጻፈልዎ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ሦስተኛ መሆኑ ነው። እርስዎ ግን ለሚጠይቅዎ ሁሉ መልስ አለዎት፤ የዚህ አገር ሰው ስልኩን እያየ ነው የሚነዳው፣ ካላያት እንኳ ይስማት ይላሉ። በዚህ አልከራከርዎትም። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው ሳመላልስ የምውል ሹፌር ነኝና፣ ሰው እንዴት እንደሚነዳ በየቀኑ አያለሁ። ከጋርላንድ እስከ ዴንተን ዩኒቨርሲቲዋ ድረስ በእነዚያ የጭነት መኪናዎች መካከል ስትሄድ ይታይዎታል፤ ፈርተው ነው የገጠሙላት፤ ፍርሃትዎም እውነት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከጩኸቱ ስር ያለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ስትወጣ የሚሰማው አንድ ወጥ ጩኸት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀጭን የብረት ቅጭልታ ተጨመረበት። ያኔ ቅጭልታው የሚሰማው መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ነበር፤ አሁን ከግቢ ሳትወጣ ይጀምራል። ቡናዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆሜ እቆጥረዋለሁ፤ ቅጭልታው ከሩቅ እስኪጠፋ ድረስም አልቀመጥም።

አራተኛ፤ ይህንኑ በጉባኤው ላይ ልዩ ልዩ በሚለው አጀንዳ ተነስቼ፣ ቧንቧው እንዲህ ከቆየ ልጅቷን ይገድላታል ብዬ መናገሬ እውነት ነው፤ አልክድም። የመስተንግዶ ኃላፊያችን ወይዘሮ ሰብለወርቅ «በስመ አብ! ምነው አምሃ፣ አታሟርትብን እንጂ!» ብለው አማተቡ። እርስዎም ፊትዎ ጠቁሮ፣ አባሉ በሊቀመንበሩ ቤተሰብ ላይ ሟርት በመናገሩ ታግዷል ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙ፤ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ውሳኔውን በአክብሮት ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባ ብሎኛል። እድራችን የተቋቋመው እኮ ለሞት ነው። አስከሬን ከሆስፒታል ማን እንደሚረከብ፣ ድንኳን ማን እንደሚተክል፣ ንፍሮ ማን እንደሚቀቅል፣ ለሟች ቤተሰብ አሠሪዎች ማን እንደሚደውል በስም የተጻፈ ዝርዝር አለን። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ የማንንም ቤት ሐዘን ቤት ማድረግ እንችላለን፤ በዳላስ ዙሪያ የሚወዳደረን እንደሌለ ባለፈው ፋሲካ በኩራት የነገሩንም እርስዎ ነዎት። ሰው ከሞተ በኋላ ለሚሠራው ሁሉ ደንብ አለን፤ ሳይሞት ብሎኑ ይጥበቅ ያለ ግን ሟርተኛ ነው። ለዚህ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አምስተኛውን ባልጽፈው እመርጥ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ሔራን ሞተሯን ይዛ በሬ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጋሼ አምሃ፣ ይሄ ነገር ሉዝ ሆኗል መሰለኝ፣ ቼክ ታደርግልኛለህ?» አለችኝ። በሁለት ጣቴ ብነካው ቧንቧው ተንቀሳቀሰ። አሁኑኑ ልፍታው ብዬ መፍቻ ላመጣ ስል እጄን ያዘችኝ። «ኖ፣ ኖ፣ ዳዲ ራሱ ነው ኢንስቶል ያደረገልኝ። ሙሉ ሳተርዴይ ነው የሠራው። ማለቴ፣ ሌላ ሰው ፊክስ ካደረገው በጣም ይከፋዋል። ሶ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ኦኬ?» አለችና ሄደች፤ ቅጭልታውም አብሯት ሄደ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ልጅዎ ታውቃለች። እያወቀች በየጠዋቱ ትነሳና ሞተሩ ላይ ትቀመጣለች። እርስዎ የጭነት መኪናውን ፈሩላት፤ እሷ የምትፈራው የእርስዎን ማዘን ነው። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብታኝ ነበር፤ ቃሌን በልቻለሁ። ተቀይማኝ ትኑር።

ለምን እንዲህ እንደምነዘንዝ ለሚጠይቁ አባላት፣ እኔ አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ። አዲስ አበባ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጸጋ የሚባል መልእክተኛ የሞተሩን ፍሬን በራሱ እጅ ጠግኖ ለሁላችንም ያሳይ ነበር። እንዳልያዘለት አይቼ ነበር፤ ደስታውን እንዳላበላሽበት፣ ሟርተኛም እንዳልባል ብዬ ተውኩት። ከቀብሩ ስንመለስ አይተህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እስከ ዛሬ የሚጠይቀኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ በእርስዎ ልጅ ደግሞ ልጠብቅ አልችልም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። ሰኞ ጠዋት ሔራን ለፈተና ወደ ዴንተን ትሄዳለች። በቅዳሜ የተሠራው በቅዳሜ ቢስተካከል ምን ይመስልዎታል? በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ትክክለኛዎቹን ብሎኖችና ያችን ቀለበት ይዤ ጋራዥዎ በር ላይ እገኛለሁ። መፍቻውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ከወንበሮቻችን በአንዱ ላይ ተቀምጬ በአፌ ብቻ አግዛለሁ፤ እገዳው ጋራዥንም የሚያካትት ከሆነ በጣቴ እጠቁማለሁ። እጄን ዘይት አይነካውም። ሔራንም ስትጠይቅ፣ አባቷ ራሱ ሠራው እንላታለን፤ ውሸትም አይሆንም።

የእድራችንን ሰላምና የእርስዎን ክብር ዘወትር የሚመኘው፣ አንደበቱ ለሦስት ስብሰባ የታገደውና ጆሮው ያልታገደው፣ ታዛዥዎ

አምሃ ወልደየስ
የደራሽ እድር ንብረት ክፍል ኃላፊ
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ግልባጭ፦
ለመስተንግዶ ክፍል ኃላፊ ለወይዘሮ ሰብለወርቅ፤ ለንፍሮ የሚሆነውን ስንዴ ለጊዜው እንዳይዘፈዝፉ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ባይመችዎት ቅር አይለኝም፤ ብዙ ኃላፊነት እንዳለብዎ አውቃለሁ። ንብረት ክፍሉ ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ሊያሳውቅዎ ይገደዳል። ድንኳናችን ያለ እነዚያ ሁለት ብሎኖች አይቆምም። ባስፈለገን ቀን ወንበሩንም ድስቱንም ከጋራዥዎ እናወጣለን፤ አረንጓዴዎቹን ብሎኖች ግን ወደ ዴንተን ከሚወስደው ሀይዌይ ሠላሳ አምስት ላይ የሚለቅም ሰው ያስፈልገናል። ለዚህ ሥራ በዝርዝራችን ላይ የተጻፈ ስም የለም፤ ማንን እንደሚመድቡ ቢያሳውቁኝ።