ሊቀመንበሩ ያሳቋት ሕፃን

ይድረስ ለጸቢቶ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ቦርድ ሊቀመንበር፣ ለክቡር አቶ ደልበርት የሎሄር፣ ከሥራ ብዛት የተነሳ በማይገኙበት ቢሮዎ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ አዲሱ መኪናዎም ደህና ናችሁ ወይ? እኛ የጸቢቶ ሰዎች ነፋሱ አሸዋውን ከደጃችን አንስቶ ለጎረቤት፣ ከጎረቤት አንስቶ ለእኛ ከማደሉ በቀር ደህና ነን። ለጉልበትዎ፣ ለዓይንዎ፣ ይልቁንም ለማስታወስ ችሎታዎ ፍጹም ጤንነትን እንመኛለን።

እኔ የሕፃን ሻንዲን አያት ኤመርሰን ቢጸሊ ነኝ። አባቴና እናትዎ የአንድ ጎሳ ሰዎች በመሆናቸው እናትዎን ወይዘሮ ቤሲን አክስቴ እላቸዋለሁ፤ እርስዎም የአክስቴ ልጅ ነዎት። በእኛ በአሪዞና ነባር ሕዝብ በናቫሆዎች ዘንድ ደግሞ የአክስትና የአጎት ልጆች የቱንም ያህል ቢቀላለዱ የሚቀየም የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ዝምድና ይቆጠርልኝ።

ባለፈው ወር በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በተደረገው ስብሰባ ላይ ላልነበሩ አንባቢዎች ስል ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የዚያን ዕለት ክቡርነትዎ ከፊኒክስ ካስመጧቸው አማካሪ ጋር ሆነው፣ የወይዘሮ አርሊን ሮንሆርስ ክፍል ከመጪው መስከረም ጀምሮ እንዲዘጋ በእንግሊዝኛ ሲያስረዱን ነበር። ይህ ክፍል ትንንሾቹ ልጆች የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ በናቫሆኛ ብቻ የሚማሩበት ክፍል ነው። በወይዘሮ አርሊን ፋንታ የናቫሆኛ ቃላት የሚያሰማ ስክሪን እንደሚገዛልን፣ ስክሪኑም እንደማይታመምና ጡረታ እንደማይጠይቅ በሥዕል ጭምር አሳዩን። ያን ጊዜ እናትዎ ከፊት ወንበር ሆነው፣ «ደልበርት፣ እስቲ በሰው ቋንቋ ንገረን!» አሉ።

እርስዎም የእናት ቃል የሚያከብሩ ልጅ ነዎትና ተነሡ። በደንባችን መሠረት ከንግግር በፊት ሰው ማንነቱን በአራት ጎሳው ይናገራል። የእናትዎን ጠሩ። የአባትዎን ጠሩ። የእናትዎን አባት ጠሩ። አራተኛው፣ የአባትዎ አባት ጎሳ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። ጣሪያውን አዩ። አማካሪውን አዩ፤ አማካሪውም ኮምፒውተራቸውን አዩ። ጉንጭዎ ተነፋ፤ በአንገትዎ ላይ ያለውን የበሉር ጌጥ ጨብጠው እንደ በር ደወል ይጎትቱት ጀመር። እናትዎ ሊነግሩዎ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ለማንም ስቃ የማታውቀው የልጅ ልጄ ሻንዲን በእናቷ ጭን ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች።

ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ዞረ። ስብሰባው ያን ጊዜ እንደተለወጠ ሁላችንም ገብቶናል። ሕፃንን መጀመሪያ ያሳቀ ሰው በግ አርዶ ድግስ ይደግሳል፤ የሕፃኑን እጅ ይዞም ለእያንዳንዱ እንግዳ ቁራጭ ጨውና ምግብ ያሳድላል። እንዲህ የተደረገለት ልጅ ሲያድግ እጀ ሰፊ ይሆናል፤ ያልተደረገለት ግን ቋጣሪ ሆኖ ይቀራል። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ እኔም እርስዎም ያደግነው በዚሁ ጨው ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩. ክቡርነትዎ ወዲያው፣ «ስቃ አይደለም፣ ሆዷን ነፍቷት ነው» ብለዋል። ከአስተዳደር ሥራዎ በተጨማሪ በሕፃናት ሕክምና መሠልጠንዎን ባለማወቃችን አፍረናል። ችግሩ እናትዎም እዚያው ነበሩና እንዲህ አሉዎ፦ «አንተስ የመጀመሪያ ቀን የሳቅኸው ሆድህን ነፍቶህ ነበር? አጎትህ ያን ሁሉ ሰው ጠርቶ በግ ያረደው ለሆድ ነፋስ ነው?»

፪. ቦርዱ የልጅቱን ሳቅ በአጀንዳ አስይዞ ለሕግ ባለሙያ መርቶታል። ጠበቃው ሳቁ በቃለ ጉባኤ ስላልተመዘገበ ሕጋዊ ውጤት የለውም ብለዋል አሉ። እኛ ያልተማርን ሰዎች ልጅ ለመሳቅ አስቀድማ እጅ ማውጣት እንዳለባት አናውቅም ነበር፤ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፫. የክፍሉ ዕጣ የሚወሰንበት የመጨረሻ ስብሰባ ከትምህርት ቤታችን ሩቅ ፍላግስታፍ ከተማ ወዳለ ሆቴል ተዛውሯል፤ ምክንያቱም የቦርድ አባላት በዚያው ዕለት «ኅብረተሰቡን የማሳተፍ ጥበብ» የሚል ሥልጠና ይወስዳሉ። ኅብረተሰቡን ማሳተፍ ኅብረተሰቡ በሌለበት ቢጠና ትኩረት እንደማይሰርቅ ይገባናል። ደግሞም የሆቴሉ ምንጣፍ ወፍራም ስለሆነ የእኛን አቧራማ ጫማ ማሰብዎ ርኅራኄዎን ያሳያል። ለርኅራኄዎ ምላሽ ይሆን ዘንድ እኛም ያሰብነው ነገር አለ፤ ከታች ያገኙታል።

፬. አራተኛውን ረሳሁት። አይፍረዱብኝ፤ አራተኛው ላይ ሲደርሱ መጥፋት በቤተሰባችን ያለ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ለአንድ አፍታ ቀልዱን ልተወው። ልጄ፣ የሻንዲን እናት፣ በልጅነቷ ናቫሆኛ ሳታውቅ ከእናቴ ጋር አንድ ቤት እየኖረች እንደ እንግዳ ነበረች። አሮጊቷ ትናገራለች፣ ልጅቱ አትሰማም፤ እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ። ወደ ወይዘሮ አርሊን ክፍል ገብታ ዓመቱ ሲያልቅ፣ አንድ ቀን ከበጎቹ ስመለስ ሁለቱም ከእኔ ተደብቀው እኔኑ ሲያሙኝ ደረስኩባቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሻንዲን እኔን በምን ቋንቋ ልታማኝ ነው? ይህን ሳስብ እናደዳለሁ።

ይህ ትምህርት ቤት የቆመበት መሬት የአያትዎ፣ የአባትዎ አባት፣ የክረምት ግጦሽ ነበር። እሳቸው በጎቻቸውን ወደ ድንጋያማው ስፍራ ነድተው መሬቱን የሰጡት፣ ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው በልጆቻችን አፍ ላይ መወሰኑ ይብቃ ብለው ነው። ድሮ የሚወስንልን የማያውቀን ሰው ነበር። ዛሬ የሚወስንልን የሚያውቀን ሰው ነው፤ እንደማያውቀን ሆኖ። እድገት ማለት ይህ ከሆነ እጅግ አድገናል።

አሁን ወደ ምላሻችን ልመለስ። ስብሰባው በሚደረግበት ቅዳሜ ጠዋት የሻንዲን ድግስ በዚያው ሆቴል የመኪና ማቆሚያ ላይ ይደረጋል። መኪና ያለው መኪና የሌለውን ጭኖ፣ ፍሙም የሥጋ መጥበሻውም ሊጡም ተጭኖ እንመጣለን። ምንጣፉን አንረግጥም። ስለ በጉ አይጨነቁ፤ እናትዎ ከራስዎ መንጋ ውስጥ የሰባውን መርጠዋል፤ ድምፅ ሰጥተውበት በአንድ ድምፅ አልፏል። ከእርስዎ ሌላ ያሉት አራቱ የቦርድ አባላትም ጥሪውን ተቀብለዋል፤ ለጥብስ በግ ሥልጠና የማይተው ሰው በጸቢቶ አልተወለደም። ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤው ውጭ ስለሚሆን፣ ወደ ስብሰባው ቢገቡ የሚያገኙት አማካሪውን ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ የሚጠበቅብዎ የሻንዲንን እጅ ይዞ ጨው ማሳደል ብቻ ነው። ሰልፉን የሚጀምሩት የአርሊን ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጨዋቸውን ከመቀበላቸው በፊት አራቱንም ጎሳቸውን ይጠሩልዎታል። ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ፣ የልጅቱን እጅ ሳይለቁ፣ ክፍሉ ይዘጋ የሚለውን ሐሳብ ለድምፅ ያቅርቡ። እኛ አንከለክልዎትም፤ ቆመን እናይዎታለን እንጂ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለጥበብዎና ገና ለሚያወጡት በግዎ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ አራቱንም ጎሳዬን እዚህ መጻፍ እየቻልኩ እርስዎን እንዳላሳፍር ብዬ የተውኩት፣ ወዳጅዎና የአጎትዎ ልጅ፣

ኤመርሰን ቢጸሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አራተኛውን ጎሳዎን በዚህች ጥግ ጽፌ ልልክልዎ ነበር፤ እናትዎ፣ «ተው፣ ልጅቷ ትንገረው» ብለው ከለከሉኝ። «አክስቴ፣ ልጅቷ እኮ ገና አፏን አልፈታችም» ብላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጅቷ ጨው ስታስቀምጥለት መዳፉን ይዘርጋ ብቻ። የአባቱ አባት የጨው ጎሳ ሰው ነበር። ጨው እጁ ላይ ተቀምጦለትም ካላስታወሰ፣ ያን ዕለት ሆዱን የነፋው እሱን ነው ማለት ነው።»