ከተቀበረች በኋላ ስለሠለጠነችው ልጄ

ለተከበሩ የማዕድን ሀብት አስተዳደር ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ሥላሴ አካባቢ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ልጆችዎስ ደህና ናቸው? በሰላም ወጥተው በሰላም እንዲገቡልዎ አላህን እለምናለሁ፤ ይህን ምኞት ለማንም ሰው በቀልድ አልመኝም። እኔ አፍንጮ በር የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ለአቤቱታዬ መልስ ሳይሰጥ አምስት ወር ስለሞላው፣ በእኔ ዝግታ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

ልጄ ረይሀና ዑዘይር ጂኦሎጂ ተምራ በአንድ የወርቅ ማውጫ የአፈር ናሙና ትሰበስብ ነበር። ባለፈው ጥር 9 ቀን ናሙና ልትወስድ በወረደችበት ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳው ተናደባት። በማግስቱ አስከሬኗ መጣልኝ፤ ራሴ አጥቤ ከፈንኳት፤ ቀበርናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እርስዎ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ከርሰ ምድራቸው በሀብት የተሞላ አገሮች ሕዝባቸው የሚደኸየው አሠራራቸው የተደበቀ ስለሆነ መሆኑን፣ ከእንግዲህ ግን የእያንዳንዱ ማውጫ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆን ሲናገሩ የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳመጥኩዎት። አመንኩዎትም። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በመጋቢት ወር የምርመራውን ውጤት በደብዳቤ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤው፣ ሟች ስለ ናዳ አደጋ መከላከል ተገቢውን ሥልጠና ወስዳ ሳለ በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ሕይወቷ ማለፉን ይገልጻል። በአጭሩ ልጄን የገደላት ጉድጓዱ አይደለም፤ ራሷ ናት። እናት ይህን በማኅተም ተረጋግጦ ማንበቧ ትልቅ አገልግሎት ነው።

2. ሰነዱን ለሕዝብ ስለከፈቱልንም አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ቆንጅት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ በስልኳ ከድረ ገጻችሁ የሥልጠናውን የተሳታፊዎች ዝርዝር አገኘችልኝ። ሠላሳ አራት ሰው ሠልጥኗል። በተራ ቁጥር 19 ልጄ አለች፤ ከስሟ ፊት ለፊት ፊርማ አለ። ሥልጠናው የተሰጠበት ቀን ጥር 30 ነው። እትዬ ቆንጅት ቀኑን ደጋግማ አነበበችና መነጽሯን አውልቃ፣ «ሳሊሀዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስም ጠርቻለሁ፤ የሞተ ተማሪ ግን አቤት ብሎኝ አያውቅም» አለችኝ።

3. ፊርማውን በተመለከተ፣ ረይሀና ስትፈርም ስሟን ከነአባቷ ሙሉውን ትጽፍ ነበር፤ ስሙን የሚቆራርጥ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው እያለች ትቀልድ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ያለው ግን ሁለት ጭረትና አንድ ክብ ነው። ያቺን ቀኝ እጇን ጣት በጣት ያጠብኳት እኔ ነኝ። እስክሪብቶ አልነበረባትም።

4. ዝርዝሩንና የጽሑፍ አቤቱታዬን ይዤ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስለተደረገልኝ መስተንግዶም ምስጋናዬ ይድረስዎ። የበሩ ጥበቃ «ግቢ እናቴ፣ ጥላ ሥር ተቀመጪ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ በግቢው ውስጥ ቀና መልስ የሰጠኝ እሱ ብቻ ነው። ውስጥ ያሉት የሥራ ኃላፊ ወረቀቱን ካዩ በኋላ ማን ፈረመ ብለው አልጠየቁኝም። «ይህን ማን አሳየዎት?» ነው ያሉኝ። እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስሕተት ይሆናል ብዬ አስብ ነበር፤ ከዚያ ጥያቄ በኋላ ግን እንደዚያ ማሰብ አቃተኝ። ለሕዝብ የተከፈተን ነገር ማን አሳየሽ ይባላል እንዴ?

5. ከሦስት ቀን በኋላ ዝርዝሩ በድረ ገጹ ላይ ተስተካክሎ አገኘነው። አሁን የሠለጠኑት ሠላሳ ሦስት ናቸው። ልጄ የለችም። ያስተካከለው ሰው ቸኩሎ ነው መሰለኝ ተራ ቁጥሮቹን መነካካት ረስቷል፤ ከ18 ቀጥሎ 20 ይመጣል። የምርመራው ደብዳቤ ግን አልተስተካከለም፤ እስካሁን እንደሠለጠነች ነው የሚለው። በዚያው ሳምንት ስሙን ያልነገረኝ ሰው ደውሎ የመጀመሪያው ዝርዝር ቅጂ በእጄ እንዳለ ጠየቀኝ። የድምፁ ትሕትና አስፈራኝ። ቅጂው አለ፤ ብዙ ነው፤ የት የት እንዳስቀመጥኩት ባልነግርዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ልጄን መልሱልኝ አላልኩም፤ እሱ ከእርስዎ ሥልጣን በላይ ነው። ከሥልጣንዎ በታች የሆነ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ «በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ቃል ከደብዳቤው ይሰረዝልኝ፤ በእሷ ስም የፈረመው ሰው ስሙ ይነገረኝ። ስም መሰረዝ ለመሥሪያ ቤትዎ የሦስት ቀን ሥራ መሆኑን ስላየሁ ብዙ አላስቸገርኩም ብዬ አምናለሁ።

ለአገራችን ወርቅና ለወረቀታችን ግልጽነት ስለሚደክሙልን ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ስሜን እንደ ልጄ ሳልቆራርጥ እፈርማለሁ።

ሳሊሀ አብዱልሙሀይሚን
የረይሀና እናት

ማስታወሻ፦ ረይሀና ወደ ሥራ ከመመለሷ በፊት ለዒድ የምትለብሰውን ቀሚስ ጀምሬላት ነበር፤ ጨርቁን ራስ መኮንን ድልድይ ሄዳ የመረጠችው ራሷ ናት። የእጅጌውን ልክ ስመጣ ትወስጂልኛለሽ ብላኝ ስለነበር እንደዚያው ተቀምጧል። በሚቀጥለው ሥልጠናችሁም የምትገኝ ከሆነ እባክዎ ቀኑን አስቀድመው ያሳውቁኝ፤ ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ።